ጆንያውን ስንፈራ

እኔን የሚከብደኝ ሥራዬ ሳይሆን ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መጋዘን አለ፤ እዚያ መጋዘን አዲስ ኬሚካል በመጣ ቁጥር ከሌላው ዕቃ ጋር ከመቀመጡ በፊት እኔ እጠራለሁ። “ይሄ ነገር ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?” ይሉኛል። አነባለሁ፣ አሰላለሁ፣ ትንሽ እፈራለሁ፣ ከዚያ እፈርማለሁ። በቃ ይኸው ነው። ይፈነዳል ብዬ የፈረምኩበት ዕቃ ለብቻው ራቅ ተደርጎ ስለሚቀመጥ ሳይፈነዳ ይቀራል፤ ሠራተኛው ሁሉ “ያ ፈሪ” ይለኛል። አይፈነዳም ያልኩትም አይፈነዳም፤ እሱን ደግሞ “ይሄንንማ ማን አጣው” ይሉታል። በየትም በኩል አልመሰገንም። የምመሰገነው ድንገት አንድ ነገር ቢፈነዳ ነበር፣ ያን ቀን ደግሞ የሚያመሰግነኝ ሰው አይተርፍም።

ደሴ ያለችው እናቴ ለጎረቤቶቿ “ልጄ ቦምብ ቤት ነው የሚሠራው” ትላለች። ኧረ እማዬ፣ እንዲህ አይባልም ስላት “ታዲያ ምን ልበል?” ትለኛለች። እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ ካፌ አብረውኝ የሚቀመጡት ጓደኞቼ ደግሞ ማኪያቶ በመጣ ቁጥር ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው “ፈርምበትና እንጠጣ” ይሉኛል። አስተናጋጇ ሳትቀር ለምዳዋለች።

ሥራው ግን እንደሚወራው ምሥጢር የለውም። አንድ ንጥረ ነገር ይፈነዳ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ የሚታየው ውስጡ እነማን ተጠጋግተው እንደሚኖሩ ነው። ናይትሮጂንና ኦክስጅን ላይ በላይ ታጉረው ካየሁ እጠረጥራለሁ፤ ተኳርፈው አንድ ግቢ እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፣ ሰበብ ካገኙ ግቢውን አፍርሰው ነው የሚወጡት። ቀጥሎ ቢሞቅ፣ ቢመታ፣ ቢታሽ ምን ይሆናል ተብሎ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍኖ የያዘው ነገር አለ ወይ ይባላል። ክፍት ቦታ ላይ ፍስስ ብሎ የሚያልፈው ነገር ታፍኖ ሲያዝ ነው ጉድ የሚያመጣው። ይቺን የመጨረሻዋን አደራ ያዙልኝ። እኔ አልያዝኳትም።

ሐያትን ያወቅኋትም በዚሁ ሙያዬ ነው ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ሕፃናት የምታስተምር የቆላዋ ከተማ የሐርቡ ልጅ ናት። አንድ ቀን ወደ ደሴ ስንወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የብስኩት ጥቅል እንደ ትራስ ተነፋ። “ተበላሽቶ ነው እንዴ?” አለች ለራሷ። ለራሷ ብተውላት ምን ነበረበት፤ እኔ ግን ቀበል አደረግሁና ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ የታሸገ ነገር ደግሞ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ስለሚያጣ እያልኩ ሐረጎን ወጥተን እስክንጨርስ አስተማርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን “ወራጅ አለ” ይል ነበር። እሷ ጥቅሉን ቀደደችና “እንካ፣ ሳይፈነዳ ብላ” አለችኝ። ወላሂ እኔ እዚያው ነው ያለቀልኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ ሁለታችንም ተስማማን፣ የቀሩት አባቷ ሐጂ ሰይድ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው አጎቴ ጋሽ ይማም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ጉልበቴን አመመኝ ብለው ጡረታ የወጡ፣ አፋቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሰው። ሁለተኛው የሰፈራችን ሼህ ሙሄ ናቸው፤ እርጋታቸው ብቻውን ልጅ ያሰጣል። በደንቡ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ወሬ ይጠብቃል። እኔም ቁጭ ብዬ ስበላ ዋልኩ።

ማምሻውን ጋሽ ይማም ፊታቸውን ጥለው ከሼህ ሙሄ ጋር መጡ።

“እንዴት ሆነ ጋሼ?”

“ደህና ይዘነው ነበር። ኋላ ሐጂ ሰይድ ‘ልጁ ምን ይሠራል?’ ብለው ጠየቁ።”

“ምን አሉ ታዲያ?”

“ምን እላለሁ፣ ያው ፈንጂ ነው አልኳቸው።”

ወደ ሼህ ሙሄ ዞርኩ። እሳቸው ቀስ ብለው የቀረውን ነገሩኝ። ሐጂ ሰይድ “ልጄን በሰላም አሳድጌ ለፈንጂ አልድርም” ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ሲያግባቡ፣ ሲለምኑ ግን ትንሽ ለዘብ አሉና “እንግዲያስ እኔም ጓዳ ውስጥ ምንነቱ የማይታወቅ አንድ ጆንያ አለ። ልጁ ቅዳሜ መጥቶ ይየው። እናንተ እሁድ እሱን ይዛችሁት ኑ። ሥራውን አይቼ መልሴን እሰጣለሁ” ብለዋል።

“አብሽር፣ በሩ አልተዘጋም” አሉኝ ሼህ ሙሄ።

እስቲ አስቡት። ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌው ቀድሞ የልጅቷ ቤት ይሄዳል፣ ያውም ጆንያ ሊመረምር። ሐያትን ማግኘትና ማጣቴ በአንድ ጆንያ ላይ ተንጠለጠለ። ሌላው ወንድ በጎሣው ይጠየቃል፣ በዲኑ ይጠየቃል፣ እኔ ግን በጆንያ።

ቅዳሜ ሐርቡ ወረድኩ። የደሴ ልጅ ሐርቡ ሲወርድ መጀመሪያ ሹራቡን ያወልቃል፣ ቀጥሎ ትዕቢቱን። እኔ ሹራቤን ብቻ ነው ያወለቅሁት። እንዲያውም ሥራ የሚያውቅ ሰው ልምሰል ብዬ የፋብሪካውን የራስ ቁር ደፍቼ፣ መነጽሩን አድርጌ፣ እስከ ክርን የሚደርሰውን ጓንት አጥልቄ ነበር ከባጃጅ የወረድኩት። ሐጂ ሰይድ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ረጅም ናቸው፤ ጢማቸው ሒና ተቀብቶ ቀልቷል።

“አሰላሙ አለይኩም” አልኩ።

“ወአለይኩሙ ሰላም። ፈንጂው አንተ ነህ?”

“ነኝ” አልኩ ከድንጋጤዬ የተነሣ። ከወጥ ቤቱ በኩል የታፈነ የሴት ሳቅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ጓዳው ከበረንዳው ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ጆንያው ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ጽሑፉ ተፍቆ አልቋል። ከፈት ባደርገው ነጭ ፍሬ ፍሬ ነገር ነው።

“ማዳበሪያ ይመስላል” አልኩ።

“ነው ወይስ ይመስላል?”

“ሐጂ፣ ማዳበሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። ዩሪያ ከሆነ ጨዋ ነው። ጨዋ ያልሆኑ ዘመዶች ግን አሉት። እስኪታወቅ ድረስ የከፋውን እንደሆነ አድርገን ነው የምንይዘው።”

ይህን ካልኩ በኋላ እኔን ማን ያስቆመኝ። በፋብሪካው የሚሰማኝ የለም፤ እዚህ ግን ግቢው በሙሉ አፌን ያያል። እሳት ይጥፋ አልኩ፣ ምሳ ተጥዶ ሳለ ጠፋ። ፍየሎቹ ይውጡ አልኩ፣ ወጡ። ጎረቤት ለምን ተሰበሰበ አልኩ፣ ይኼኔ ያልተሰበሰበውም ተሰበሰበ። ጆንያውን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር እንደ በሽተኛ አቅፈን ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር አጋደምነውና ማንም እንዳይጠጋው ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩበት። ለምርመራ የሚሆነኝን ቆንጠር አድርጌ ያዝኩ። ከዚያ ሥራዬን በዚህ ብጨርስ ምን ነበረበት።

አልጨረስኩም። ጆንያው የወጣበትን ጓዳ ልፈትሽ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። እዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን አየሁ፤ አፉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ክዳኑ ላላ ብሎ ተቀምጧል። እናቷ እማማ ዘሐራ ከኋላዬ ቆመዋል።

“ይሄስ ምንድን ነው?”

“የነገ ብርዝ ነው፣ ልጄ። ለሽማግሌዎቹ ትናንት ማር በጥብጬ ያኖርኩት ነው።”

“ክዳኑ ለምን ላላ?”

“ይተንፍስ ብዬ ነዋ።”

እኔም፣ አፌን በቆረጠው፣ ፈገግ ብዬ “እማማ፣ ዕቃ አይተነፍስም” አልኳቸው። ጨርቁን አነሣሁ፣ ክዳኑን በጓንቴ ይዤ እስኪጮህ ድረስ አጠበቅሁት፣ ያም አልበቃኝ ብሎ በላስቲክ ዙሪያውን ጠፈርኩት። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ በእኛ መጋዘን ክልክል ነው። ቀጥዬም ጀሪካኑን ከአፈሩ ወለል አንሥቼ ንጹሕ ነው ባልኩት ቦታ፣ ፀሐይ የሚመታው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር አስጠጋሁት። እማማ ዘሐራ አንዴ ጀሪካኑን፣ አንዴ እኔን አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጡት ነበር፤ አማች ልሁን ብሎ የመጣን እንግዳ ግን በመጀመሪያ ቀኑ አይቆጡትም። ዝም ብለው ወጡ። ያን ዝምታ አድናቆት ነው ብዬ ወሰድኩት።

በዚያው ዕለት ናሙናውን ፋብሪካው ወስጄ አየሁት። ጨዋው ዩሪያ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሐያትን በእጄ ያስገባሁ መሰለኝ።

እሁድ ዕለት ከጋሽ ይማምና ከሼህ ሙሄ ጋር ሐርቡ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀበሉን። ወንበር ቀረበልን፣ ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ውኃ ቀረበልን፣ አልነኩም። ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም፣ አንቀምስም ብለው ቆሙ፤ ደንብ ነው። ጋሽ ይማም ግን ከንፈራቸው ደርቆ ዓይናቸው ጓዳው በር ላይ ተተክሏል፤ ብርዙ እዚያ እንዳለ ሰምተዋል። ሐያት መጋረጃው ጀርባ እንዳለች እኔም አውቃለሁ፤ የእግሯ ጣቶች ይታዩኛል።

“መጀመሪያ የጆንያው ይነገረኝ” አሉ ሐጂ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። “ሐጂ፣ ጆንያው ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው። በተለመደው አቀማመጥ፣ ከእሳትና ከሌላ ኬሚካል ከራቀ፣ የመፈንዳት ባሕርይ…”

“ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም?”

“በእኛ ሥራ እንዲህ ተቆርጦ አይነገርም። ሁኔታውን አይቶ…”

“ልጄ፣ እኔ የምሰጠው ሴት ልጅ ነው፤ እሷን ሁኔታውን አይቼ አልሰጥም። አንድ ቃል ስጠኝ።”

ወደ መጋረጃው አየሁ። ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ልቤ ሞላ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁና “አይፈነዳም” አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር። “እንዲያውም እዚህ ግቢ ውስጥ የሚፈነዳ ምንም ነገር የለም። በሙያዬ አረጋግጣለሁ።”

ድምፁን ልጽፍላችሁ አልችልም። የጓዳው በር ራሱን በርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ እርጥብ ነገር ፊቴን መታኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ምን እንዳደረግሁ የሰማሁት ከሌሎች ነው። “ተኙ” ብዬ ጮኼ ሐጂ ሰይድ ላይ ተወርውሬ ጥያቸው፣ በላያቸው ተጋድሜያለሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሽ ይማም አጥሩን ዘለዋል። ሼህ ሙሄ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ “ላ ኢላሀ ኢለላህ” ይላሉ።

ከሥሬ አንድ ድምፅ መጣ። “ልጄ፣ ሞተናል?”

“አላወቅሁም፣ ሐጂ።”

“ካልሞትን ተነሣልኝ፣ አሁን አንተ ልትገድለኝ ነው።”

ውጭ ጩኸቱ ቀለጠ። “ጆንያው ፈነዳ” ይላል አንዱ፣ “ሽማግሌዎቹ አለቁ” ይላል ሌላው። ሰው ጭኖ የሚመጣ ባጃጅ ከነሰዎቹ ዞሮ ሲመለስ በበሩ አየሁት። እኔ በዚያ ሁሉ መሀል ከፀጉሬ እስከ አገጬ እየተንጠባጠብኩ “ኧረ ዩሪያ አይፈነዳም፣ ኧረ ስሙኝ” እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ሐጂ በእጃቸው ወደ ግራሩ አመለከቱኝ። ጆንያው እንዳጋደምነው ድንጋዩ መሀል ተኝቷል። በላዩ ላይ አንዲት ዶሮ ክንፏን ሰብስባ ተቀምጣለች፤ ተነሥታ ለማየት እንኳ አልደከመችም።

እማማ ዘሐራ ወደ ጓዳው ገብተው ቆይተው ወጡ። በእጃቸው ቢጫውን ጀሪካን ይዘዋል፤ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ክዳኑ ብቻ እኔ እንዳጠበቅሁት፣ ከነላስቲኩ፣ አልተነቃነቀም። ከጣራው ማር እየተንጠባጠበ ድምፁ ይሰማል።

“ተነፈሰ” አሉ እማማ ዘሐራ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያፈርኩትን ማፈር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አየር፣ ሙቀት፣ መታፈን፤ ሐረጎ ላይ ለሐያት በብስኩት ያስተማርኳት፣ በየቀኑ የምፈርምበት ነገር ነው። ፈንጂ ፍለጋ መጥቼ ፈንጂ ሠርቼ ነው የሄድኩት። ሐያትን ያጣኋት መሰለኝ። መጋረጃውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ያን ጊዜ ነው ሼህ ሙሄ ጢማቸውን የዳበሱት። ብርዙ ለእሳቸውም ደርሷቸዋል። ጣታቸውን አዩ፣ አሸተቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ልጄ፣ ይሄ ነገር አሁንም ብርዝ ነው ወይስ ወደ ጠጅ ተሻግሯል? ባለሙያው አንተ ነህ።”

ሁሉም ዞሮ አየኝ። “በሙያዬ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሐጂን ጀለቢያ አየሁ፤ ጀርባው አፈር፣ ፊቱ ማር ሆኗል። ቃሉን ዋጥኩት።

“አላውቅም” አልኩ። “ሼህ፣ አላውቅም። ይተንፍስ ሲሉኝ ዕቃ አይተነፍስም ያልኩት እኔ ነኝ። ክዳኑንም ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።”

“ካላወቅነው ተውነው” አሉ ሼህ ሙሄና ጢማቸውን በፎጣቸው ጠረጉ።

የሐጂ ሰይድ ቀይ ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጣብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስከፍተው ሰውዬው እየሳቁ ነው። ጎናቸውን ይዘው፣ እያመማቸው ነው የሚስቁት።

“ጆንያው ዩሪያ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ” አሉ። “ራሴ ነኝ ገዝቼ ያመጣሁት።”

“ታዲያ ለምን ሐጂ?”

“ፈንጂ ነው ሲሉኝ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ልይህ ብዬ ነዋ። ትናንት ሳይህ የማታውቀው ነገር የለም። ይሄ ሰው ልጄን ዕድሜ ልኳን ሲያስተምራት ሊኖር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ደግሞ…” ብለው ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ጋሽ ይማም ወደ ግቢው ሊመለሱ አንድ እግራቸውን አሻግረው፣ ሌላው አልሻገር ብሏቸው ተንጠልጥለዋል። “ዛሬ ነገሩ ሲፈነዳ ወደ በሩ አልሮጥክም። ወደ እኔ ነው የሮጥከው። ጎኔን ሰብረኸዋል፣ ግን ወደ እኔ ነው።”

እሺ ግን አላሉም። ቆምኩ። ሼህ ሙሄም ቆሙ። ጋሽ ይማም ከአጥሩ ላይ ሆነው “ሐጂ፣ ለአላህ ብለው መልሱን ይንገሩን፣ ጉሮሮዬ ተሰንጥቋል” አሉ።

ይኼኔ እማማ ዘሐራ ከወጥ ቤት አንዲት ትንሽ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ። “የትናንቱ ነገር ስላላማረኝ ዛሬ ጠዋት ሌላ በጥብጫለሁ” ብለው በረንዳው መሀል አስቀመጧት።

ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈግን። ጋሽ ይማም ያሻገሩትን እግር ወደ ውጭ መለሱት። በር ላይ የተኮለኮለው ጎረቤት ከአጥሩ ጀርባ ጭንቅላቱን ብቻ አስቀረ። ጀሪካኗ ለብቻዋ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አይጠጋትም። ሐጂ ሰይድ ሼህ ሙሄን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጀሪካኗን አዩ።

“አማቼ ይክፈተው” አሉ።

ቃሉ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሼህ ሙሄ “አልሐምዱሊላህ” ሲሉ ነው የገባኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሄጄ ጀሪካኗ ፊት ተንበረከክሁ። መጋረጃው ተገለጠና ሐያት መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የተጠጋችኝ እሷ ብቻ ናት።

“ፊትህን ዘወር አድርግና ቀስ በል” አለችኝ።

ክዳኑን በጣቴ ነካሁት። ገና ስነካው ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ። ምንም ድምፅ የለም። እናቷ እንደ ልማዳቸው ላላ አድርገው ነበር የከደኑት። እኔ ግን ክዳኑን እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ሐያት ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

“አሁን ተንፍስ” አለችኝ። ለካስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።